የመምህሩን እሁድ ማን ይከፍላል?

ባለፈው ሰሞን አንድ ልደት ተጠርተን ነበር። ባለልደቷ አራት ዓመት የሞላት የወዳጃችን ልጅ ናት። ድፎው ተቆርሷል፣ ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ሻማው ተተክሏል፣ ሕፃናቱ ለስላሳውን በዓይናቸው ጨርሰውታል። አባት ግን የለም። እናት «አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» ትላለች። ቆይቶ ነው የገባን፤ ለካ ሰውየው ከቤት አልወጣም። ጓዳ ገብቶ፣ በፌስታል የመጣ የፈተና ወረቀት አልጋው ላይ ከምሮ፣ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። የተማሪው ቁጥር መቶ ሠላሳ ነው። ውጤት የሚገባው ሰኞ ጠዋት ነው። ዕለቱ እሁድ ነው።

እንደምንም ጎትተን አወጣነው። ሻማው ጠፋ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣን። ወደ ጓዳው ሊመለስ ሲል አማቱ (ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው) ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«ልጄ፣ ለእሁዱም ይከፍሉሃል እንዴ?»

«አይ እማማ፣ እሱ በደመወዙ ውስጥ ነው።»

እማማ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው የምንከፍለው እኛ ነና!» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ወደየቤታችን ስንሄድ ግን ሳቁ ቀረና አባባላቸው አብሮን ገባ። የዩኒቨርሲቲ መምህርነትን ስንት ስብሰባ፣ ስንት ወርክሾፕ፣ ስንት «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» ሲነጋገርበት ኖሯል። እማማ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። የዛሬው ጽሑፋችንም የእማማን ዐረፍተ ነገር ከማብራራት የዘለለ ሥራ የለውም።

የደንቡ ሰዓትና የሰውየው ሰዓት

ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህር በከተማችን የሚወራው ይታወቃል። በሳምንት ሦስት ቀን ብቅ ይላል፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ያወራል፣ ቀሪውን ጊዜ ካፌ ተቀምጦ ስለ አገር ይተነትናል። እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛም ተማሪ ሳለን ይህንኑ ብለናል። በኋላ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ጠመኔውን ከዚያኛው ወገን ቆመን ስንይዘው ነው ነገሩ የተገለጠልን።

በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደንብ የአንድ መምህር መደበኛ የማስተማር ጫና በሳምንት በ12 የሌክቸር ሰዓት ዙሪያ ይሰላል። ለባንክ ሠራተኛ ወይም ለሱቅ ጠባቂ ይህን ብትነግሩት ይስቅባችኋል፤ እሱ 12 ሰዓት የሚሠራው በቀን ተኩል ነው። እስቲ ታዲያ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጣታችንን እየቆጠርን እንደምር። ወዳጃችን ለአንድ የፈተና ወረቀት 15 ደቂቃ ቢሰጥ (ተማሪው የጻፈውን ለማንበብ ይህ ብዙ አይደለም) 130 ወረቀት 32 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አራት ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው። ይህ የአንድ ኮርስ የአንድ ፈተና ብቻ ነው። የመንፈቁ አጋማሽና የመጨረሻው ሲደመሩ ስምንት ቀን ይሆናል። አሳይንመንቱን ገና አልነካነውም። ሁለተኛውን ኮርስም አልነካነውም።

ሕጉ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሥራ አለው ይላል፦ መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር መደበኛውን የሥራ ሰዓት የሚበላው የመጀመሪያው ሲሆን ሁለቱ የሚሠሩት «በተረፈው» ጊዜ ነው። የተረፈ ጊዜ የሚባለው ማታ ነው፤ ቅዳሜ ነው፤ ልደት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር አለ፤ ተማሪው ረቂቁን የሚልከው ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ነው፤ «ቲቸር አየኸው?» የሚለው ጥያቄ በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይከተላል። ዲፌንስ መፈተን አለ፤ የውጤት ቅሬታ ማየት አለ፤ ኮሚቴ አለ፤ የኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ አለ።

በዚህ ላይ አዳዲሶቹን ጨምሩ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የፈታኝነቱ ሥራ የወደቀው በመምህራኑ ላይ ሲሆን ብዙዎቹም ከሚሠሩበት ግቢ ርቀው እየሄዱ ፈትነዋል። በዚያው ዓመት ክረምት ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና መውሰድ ጀመሩ፤ ማጠናከሪያው፣ ክለሳውና ሞዴል ፈተናው መምህሩ ዘንድ መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ከተዘጉ በኋላ የባከነውን ለማካካስ ሴሚስተሮች ሲጨመቁ፣ የዕረፍት ወራት በትምህርት ሲሞሉም አይተናል። ፈተናዎቹ ክፉ ናቸው እያልን አይደለም። የምንለው ሌላ ነው፤ አንድ ሥራ ሲጨመር ሌላው አልተቀነሰም። ጊዜ ደግሞ እንደ ብር አይታተምም። ከአንድ ቦታ መምጣት ነበረበት፤ የመጣውም ከቤት ነው።

ያላገባ ሰው የቀረጸው ሥራ

ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ ወደ ኋላ ሄድን፤ ታሪኩም ፈገግ አሰኘን።

በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድና ካምብሪጅ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ አብዛኛው የኮሌጅ ፌሎ ሚስት ሲያገባ ቦታውን ይለቅ ነበር። መኝታው ኮሌጁ ውስጥ፣ ምግቡ ከኮሌጁ ማዕድ፣ ልብሱን የሚያጥብለት የኮሌጁ አገልጋይ። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢያነብ ማን ይከሰዋል? የሚያለቅስ ሕፃን የለ፣ የሚቀርበት ልደት የለ።

ወደ እኛ እንምጣ። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ማስተማር ሲጀምር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ማት የካቶሊክ ጀስዊት ማኅበር አባል ነበሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ መምህራን መካከልም የማኅበራቸው ሰዎች ዋናዎቹ ነበሩ። በንጽሕና ለመኖር የማሉ፣ ትዳር የሌላቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሰዎች። ለትምህርታችን የሠሩትን አንክድም። ግን አስቡት፤ የዩኒቨርሲቲያችን የመጀመሪያ የሥራ ልማድ የተቀረጸው ቤት በሌላቸው ሰዎች ነው። ከእነሱ በኋላ መምህሩ አገባ፣ ወለደ፣ ቤት ተከራየ። የሥራው ቅርጽ ግን ዛሬም አላገባም።

ከዚያ በፊት የነበረንን የቤተ ክህነት ትምህርት ብናይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የኔታ ሌት ተቀን አስተማሪ ናቸው፤ ጉባኤያቸውና ቤታቸው ጎን ለጎን ነው። ነገር ግን ተማሪው ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ እንጨት ይለቅምላቸዋል፣ መንደሩም እህል ያመጣል። ማለትም ጊዜያቸውን ሁሉ ለትምህርት የሰጡት መምህር ቤታቸውን የሚሸከምላቸው ነበራቸው። የኛው ሌክቸረር ከፈረንጁም ከሀበሻውም ወግ የወሰደው ሙሉ ጊዜን መስጠት የሚለውን ብቻ ነው። የኮሌጁን ማዕድም፣ ውኃ ቀጂውንም አላገኘም። (ተማሪ ውኃ ይቅዳ አላልንም! አሁን ኮሜንት ላይ እንዳትነሡብን።)

የቤት ውስጥ ብድር

የወዳጃችን ባለቤት ሒሳብ ሠራተኛ ናት። የቤቱን ወጪ የምትመዘግብበት ደብተር አላት። ከልደቱ በኋላ ዕቃ ስናጥብ አሳየችን። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት... ከታች ደግሞ «ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ብድር» የሚል ረድፍ አለ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። የኢንተርኔት ጥቅል። የፕሪንተር ቀለም። የላፕቶፕ ጥገና። መጠይቅ ለመሰብሰብ ሲሄድ የከፈለው ታክሲ። ለመጽሔት የተላከ ጽሑፍ ክፍያ። «መቼ ይመልሱልሻል?» አልናት። «ፕሮፌሰር ሲሆን» አለች።

ዕድገቱን እናውቀዋለን። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመውጣት በታወቁ መጽሔቶች ማሳተም ያስፈልጋል። ከደራሲው ክፍያ የሚጠይቁ መጽሔቶች የሚጠይቁት በዶላር ነው። ከድሃ አገር ለሚመጣ ጸሐፊ ክፍያውን የሚተዉ አሉ፤ ሁሉም ግን አይተዉም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። አንድ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ መጽሔት ለአሜሪካው ፕሮፌሰር ያው አንድ ሺህ ነው። ለኛው ሰው ግን 57 ሺህ የነበረው ከመቶ ሺህ በላይ ሆኖ አደረ። የወጣው ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲው ሪፖርት ላይ «የተቋማችን የምርምር ውጤት» ተብሎ ይቆጠራል። ወጪው ግን የተመዘገበው በእመቤቲቱ ደብተር ላይ ነው።

ደመወዙስ? በኅዳር 2015 ዓ.ም. መገባደጃ በርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄያችን አልተመለሰም ብለው ሥራ ማቆማቸው የሚታወስ ነው። በትግራይ ያሉ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ በጦርነቱ ዓመታት ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ኖረዋል፤ ያን ጊዜ ቤት ዩኒቨርሲቲን መደጎም ማለት ምን እንደሆነ እነሱ ይንገሩን። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል የአንድ ባለዲግሪ ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪ ጭማሪ ነው፤ አልናቅነውም። ግን የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር እስከ ወሩ መጨረሻ እንደማይዘልቅ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አይጠበቅበትም።

ስለዚህ መምህሩ ሁለተኛ ሥራ ይይዛል። ማታ ኤክስቴንሽን፣ ቅዳሜና እሁድ የግል ኮሌጅ፣ በመሐል አንድ ሁለት የጥናት ኮንትራት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚዞረው። ቤቱን ለማኖር ከቤቱ ይጠፋል። ልጁን ለማስተማር የልጁን የቤት ሥራ ሳያይ ያድራል። የሚተርፈው ጉልበት የለምና ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገባ ከስድስት ዓመት በፊት ያዘጋጀውን ስላይድ ይከፍታል። እኛ ተማሪ ሳለን ጥግ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት እንኳ ያልተቀየረ ስላይድ የሚያሳየን መምህር ነበረን። ስቀንበታል። ሰነፍ ነው ብለን በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ግጥም ጽፈንበታል። ሰውየው በሳምንት በሦስት ግቢ ያስተምር እንደነበር፣ ባለቤቱም ታማ እንደነበር የሰማነው ከተመረቅን በኋላ ነው። ይቅርታ የምንጠይቅበትን አድራሻ አላወቅንም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ሥራና ኑሮ ሁለት ደብተር አይደሉም። አንድ ደብተር ነው። ዩኒቨርሲቲው ያልከፈለውን ቤት ይከፍላል፤ ቤት ከፍሎ ሲያቅተው ደግሞ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ይከፍላል። እማማ «የምንከፍለው እኛ ነና» ሲሉ ለካ ቁጥራችንን አሳንሰው ነው።

በሁለት ከተማ የሚኖር ትዳር

እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ድረስ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና አለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የሰመራ፣ የጅግጅጋ፣ የጋምቤላ፣ የአሶሳ ልጅ በአቅራቢያው መማር መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚቃወም ከእኛ ጋር የለም። ይሁን እንጂ ሕንፃው ሲሠራ የታሰበው ተማሪው ነው፤ መምህሩ ትዳር እንዳለው ያሰበ ስለመኖሩ እንጠራጠራለን። ባል አንዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ሚስት አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት፣ ልጅ አያት ዘንድ የሆነበትን ቤተሰብ እናውቃለን። ባልና ሚስት ሁለቱም መምህራን ሆነው በሁለት ክልል የሚያስተምሩም አሉ። ለዝውውር ሲያመለክቱ «ቦታህን የሚይዝ ሰው አምጣ» ይባላሉ።

በፊት በፊት ቢያንስ ለበዓል አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣ ነበር። አሁን መንገዱም ሌላ ጥያቄ ሆኗል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ታገቱ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። መምህሩም የሚሳፈረው በዚያው አውቶቡስ፣ የሚያልፈውም በዚያው መንገድ ነው። «ለጥምቀት ትመጣለህ?» የሚለው የሚስት ጥያቄ «አትምጣ፣ ይቅርብን» በሚለው ሲተካ የዩኒቨርሲቲው ሪፖርት ላይ የሚታይ ለውጥ የለም። ትዳሩ ውስጥ ግን አለ።

ቤቱን ማን ተሸክሞት ነው?

እስካሁን «መምህሩ» ስንል ወንድ ወንዱን ስንጠራ እንደቆየን አስተውላችሁ ይሆናል። እህቶቻችን ረቂቁን አይተው ገሠጹን። ትክክል ናቸው። ወዳጃችን ጓዳ ገብቶ ወረቀት ሲያርም ሳሎኑን የያዘችው ማን ናት? እሷም እኮ በማግስቱ ሰኞ ቢሮ ትገባለች።

አሁን ደግሞ መምህሯ ሴት ናት እንበል። ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ በልጇ ልደት ወረቀት ብታርም እንግዳው ምን ይላል? «ሥራ ወዳድ» አይላትም። ወንዱ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በተጠራ ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ ትጉህ ይባላል፤ ሴቷ ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ለማውጣት ስትነሣ «ቤት ቤት ትላለች» ይባላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። መልካም ነው። ነገር ግን ፈቃዱ ክፍል ከመግባት ያሳርፋታል እንጂ ከማማከር አያሳርፋትም። አራስ ቤት ተኝታ፣ ሕፃኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የተማሪዋን ምዕራፍ ሁለት በስልክ ያረመች እህት አለችን። «ተማሪዬ መመረቅ አለበት፤ የእኔን መውለድ እሱ ምን አደረገ?» ነው ያለችን። የዶክትሬቷ ቀነ ገደብ ግን ለእሷ እንዲህ አላዘነም።

ለወንድሞቻችን አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንንገራቸው። «ሥራ በዝቶብኝ» የሚለው ምክንያት አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከዳይፐር ማምለጫ ነው። ሚስትህ ሁለቱን ለይታ ታውቃለች። እኛም እናውቃለን፤ አድርገነዋልና።

«ታዲያ ማን አስገደዳችሁ?»

ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ሐኪሙስ? ነርሱስ? የታክሲ ረዳቱስ? ሁሉም እሁዱን ሸጦ አይደል የሚኖረው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ጥሩ ነው። የታክሲ ረዳቱ ኑሮ ከመምህሩ እንደሚከብድ አንክድም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ረዳቱ እሁድ ሲሠራ እሁድ መሥራቱን ያውቃል፣ የእሁዱንም ብር ማታ ይቆጥራል። የመምህሩ እሁድ ግን ሥራ ተብሎ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበ ሥራ ደግሞ አይከፈልም፤ አይቀነስም፤ ሲበላሽም ማን እንዳበላሸው አይታወቅም። ኋላ «የትምህርት ጥራት ወደቀ» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባው የሚጠራው መቼ እንደሆነ ገምቱ። ቅዳሜ።

መምህራን ሁሉ መላእክት ናቸው አላልንም። ክፍል ሳይገባ መንፈቁን የሚጨርስ፣ ወረቀቱን ሳያነብ ውጤት የሚረጭ አለ። እንዲያውም ሰዓቱ በትክክል ቢቆጠር መጀመሪያ የሚጋለጠው እሱ ነው። ዛሬ እሱና ወዳጃችን በወረቀት ላይ እኩል 12 ሰዓት ናቸው።

ምን ይደረግ?

ሰማይ ዳስ ምድር ሉል ይሁን አንልም። የምንጠይቀው ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ሥራው ይቆጠር። 40 ተማሪ ያለው ክፍልና 130 ተማሪ ያለው ክፍል በጫና ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። ማረም፣ ማማከርና ፈታኝነት በሰዓት ይጻፉ። አዲስ ሥራ ሲመጣ ከአሮጌው የሚቀነሰው አብሮ ይጻፍ። ለዚህ ዕርዳታ ሰጪ አያስፈልግም፤ ወረቀትና እውነት ይበቃሉ።

ሁለተኛ፣ የምርምር ወጪ ከልጅ ወተት አይውጣ። ተቋሙ የራሱ ብሎ የሚቆጥረውን ጽሑፍ የራሱ አድርጎ ይክፈል፤ ወይም ክፍያ በማይጠይቁ ደኅና መጽሔቶች የወጣውን ለዕድገት አሳንሶ አይመልከት።

ሦስተኛ፣ መምህሩ ቤት እንዳለው ይታመን። ለባልና ሚስት ዝውውር «ሰው አምጣ» ከማለት የተሻለ አሠራር ይኑር። በየግቢው የሕፃናት ማቆያ ይከፈት፤ ስብሰባ በሥራ ሰዓት ይጠራ፤ የወለደች እናት የዶክትሬትና የዕድገት ቀነ ገደቧ በወለደችበት ልክ ይራዘም።

በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝነት ማለት ክፍያ የመጨመር መብት ብቻ ከሆነ ገና አልገባንም። ራሱን የሚገዛ ተቋም «ከላይ አልተፈቀደልንም» የሚለውን ሰበብ አብሮ ትቶታል። የሰዎቹን ሰዓት ለመቁጠር ማስፈቀድ አያሻውም።

አራተኛውን ለራሳችን ትተነዋል። እኛ ተማሪዎች የነበርን፣ የሆንንና የምንሆን፦ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ «ቲቸር አየኸው?» አንበል። ነገም ቀን ነው።

በመጨረሻ ወደ ልደቱ እንመለስ። እንግዳው ሲወጣ ወዳጃችን ወደ ጓዳው ተመለሰ። ልጅቷ ተከትላው ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አየናቸው። ቀይ እስክሪብቶ አንሥታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከኬኩ የተረፈውን ካርቶን ዘርግታ እሷም ማረም ጀመረች። አባትየው አላባረራትም። «እዚህ ጋ ስንት ልስጥ?» ትለዋለች፤ «አንቺ ነሽ የምታውቂው» ይላታል፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ።

እማማም አዩ። ምንም አላሉም። ሒሳቡን እሳቸው ቀድመው ሠርተውት ነበርና።

ቸር እንሰንብት።